ጎንደር ላይ ቤት ለሚያከራዩ እናት፦ ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ የት ይገኛል? ስንትስ ይከፈለዋል?

ጥያቄው፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ጎንደር፣ አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት አለኝ። ፊት ለፊት ሁለት ሱቅ፣ ጓሮ ደግሞ አምስት ክፍል አከራያለሁ። ሲደመር በወር 31,000 ብር ይገባል። ግብሩን ሁልጊዜ የሚጨርሰው ባለቤቴ ነበር። ዓምና አረፈ። አሁን አንዱ መጥቶ ‹ገቢዎች ሰው አለኝ፣ ግብሩን አስቀንሳለሁ፣ ካስቀነስኩት ላይ ሲሶውን ይሰጡኛል› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹በየወሩ እየከፈሉኝ መዝገብ ልያዝልዎት› ይላል። ማንን ልመን? ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ የት ይገኛል? ስንትስ ይከፈለዋል?»

እትዬ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጽናዎት። ሐዘኑ ሳይወጣልዎት የወረቀት ጣጣ ላይ መውደቅ ከባድ ነው። ይህ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። አንዱ ሰው ሁሉን ይዞ ይኖራል፣ ሲሄድ ደግሞ ቁልፉን ይዞት የሄደ ያህል ይሆናል። እኔ እዚሁ ጎንደር ላይ ለዓመታት የአከራዮችን ሒሳብ ስሠራ ኖሬአለሁ። እንደ እርስዎ ያለ ጥያቄ ይዘው የመጡ እናቶች ብዙ ናቸው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ለመጀመሪያው ሰው ምንም አይክፈሉ። ሁለተኛው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ግን የሚሸጥልዎት ነገር ለእርስዎ ቤት አያስፈልግም። የሚያስፈልግዎት በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቁጭ ብሎ ነገርዎን የሚያይልዎት ባለሙያ ነው። ሕጉን የሚያውቅ፣ ያሰላውን በወረቀት የሚያሳይ፣ ስሙን ጽፎ የሚፈርም ሰው።

አሁን የመጀመሪያውን ሰው ጉዳይ በቁጥር ላሳይዎት። በቁጥር ሲያዩት ይገባዎታልና።

በወር 31,000 ብር ማለት በዓመት 372,000 ብር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቤት ኪራይ ገቢ ሠንጠረዥ ለ በሚባለው ክፍል ይታያል። በዚያ አዋጅ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹ፣ ማለትም 50 በመቶው፣ ለጥገናና ለቤቱ እርጅና ተብሎ ይነሳለታል። ግብር የሚታሰበው በቀሪው ላይ ነው። ስለዚህ 372,000 ለሁለት ሲካፈል 186,000 ብር ይሆናል። በዚያ አዋጅ የገቢ እርከኖች ሲሰላ ግብሩ 47,100 ብር ይመጣል።

ያ ሰው ግን እንዲህ አይነግርዎትም። መጀመሪያ ያስደነግጥዎታል። ከ372,000 ብሩ ላይ ምንም ሳይቀንስ በዚያው እርከን ያሰላና «112,200 ብር መጥቶብዎታል» ይላል። እርስዎ ራስዎን ይዘው ይቀመጣሉ። ከሳምንት በኋላ ይመለስና «ብዙ ለፍቼ 47,100 ብር አስደረግሁት» ይላል። ልዩነቱ 65,100 ብር ነው። ሲሶው 21,700 ብር ነው። ይህን ከእርስዎ ይወስዳል።

ምን ሠራ? ምንም። ሕጉ ራሱ የቀነሰልዎትን ነው መልሶ የሸጠልዎት። ብዙውን ጊዜ «ሰው አለኝ» የሚለው ሰው ገቢዎች ውስጥ ማንም የለውም። ያለው ነገር የእርስዎ አለማወቅ ብቻ ነው። ምናልባት በእውነት ሰው ካለው ደግሞ ይባስ። ያን ጊዜ እርስዎ ባላወቁት ጉቦ ውስጥ ስምዎ ይገባል። ነገሩ የተነሳ ቀን የሚጠሩት ቤቱ በስሙ የሆነው ሰው ነው። «ሰው አለኝ» ባዩን ግን የሚያገኘው የለም።

ስለ ስሌቱ አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ የተጠቀምኩት የ2008ቱን እርከን ነው። የፌዴራሉ አዋጅ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። እርከኖቹም፣ የግብር ከፋይ ደረጃ አከፋፈሉም ተነክተዋል። የግለሰብ የቤት ኪራይ ግብር ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል ነው። ክልላችን የሚሠራው በራሱ አዋጅ ነው። ስለዚህ 47,100 ብር ዘንድሮ የሚከፍሉት ቁጥር ነው ብለው አይያዙት። ለሌላ ነገር ግን በጣም ይጠቅምዎታል፣ ባለሙያ ለመፈተን። ወደዚያ እመጣለሁ።

ወደ ሁለተኛው ሰው ልሂድ፣ በየወሩ መዝገብ ልያዝልዎት ወዳለው። የሒሳብ መዝገብ መያዝ መጥፎ ነገር አይደለም። ግን የሚጠቅመው መቼ ነው? መዝገብ የያዘ አከራይ ያንን በጥቅል የሚነሳለትን አያገኝም። በፋንታው በእውነት ያወጣውን ወጪ በደረሰኝ ያስቀንሳል። ጥገና፣ የሊዝ ክፍያ፣ የባንክ ብድር ወለድ፣ ኢንሹራንስ፣ የሕንፃው እርጅና፣ ለከተማው የሚከፈል ክፍያ። በብድር አዲስ ፎቅ የሠራ ሰው ወለዱ ብቻ ብዙ ገንዘብ ነው። ለእርሱ መዝገብ መያዝ ያዋጣዋል፤ ገቢው ትልቅ ሲሆንም ሕጉ ራሱ ያስገድደዋል። የእርስዎ ቤት ግን ከነገሩኝ የቆየ ቤት ይመስለኛል። ብድር የለበትም። በዓመት አንድ ቆርቆሮ ይቀየራል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ የውኃ ቧንቧ ይጠገናል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የኪራዩን ግማሽ አይሞላም። በደረሰኝ ላስቀንስ ቢሉ ይጎዳሉ። አሥራ ሁለት ወር እየከፈሉት ግብርዎን ከፍ የሚያደርግ ሥራ ይሠራልዎታል ማለት ነው።

እንግዲህ ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚነግርዎት ይህንን ነው። «እትዬ፣ በየወሩ እኔን አያስፈልግዎትም» የሚል ሰው ካገኙ እርሱን ይያዙት። በራሱ ኪስ ላይ ፈርዶ እውነቱን የነገረዎት ሰው ነው።

የት ይፈለጋል? ዘመድ ጠይቀው አይጀምሩ። ዘመድ የሚያውቀውን ዘመድ ነው የሚጠቁምዎት። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ትልልቅ ሱቅ ያላቸውን ነጋዴዎች ይጠይቁ። እነርሱ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለባቸው። በየዓመቱ ከሒሳብ ሠራተኛ ጋር የሚውሉ ናቸው። ግን «ማን ይሠራልዎታል?» ብቻ ብለው አይለፉ። «ገቢዎች ደብዳቤ የላከ ጊዜ ማን ሄደ?» ብለው ይጠይቁ። ይህችን ጥያቄ እኔ በጣም እወዳታለሁ። ቅጽ የሚሞላ ሞልቷል። ደብዳቤ ሲመጣ ስልኩን የማይዘጋ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሁለት ሦስት ነጋዴ ያንኑ ሰው ካነሱልዎት ግማሽ መንገድ ሄደዋል።

ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል የሚሠሩ ሰዎችም ያውቃሉ። በየቀኑ የሒሳብ ሪፖርት ያያሉ። የማን ሪፖርት ጥርት ያለ፣ የማን የተለጣጠፈ እንደሆነ ይለያሉ። የሚያውቁት የባንክ ሠራተኛ ካለ፣ ወይም ያስተማሩት ልጅ ባንክ ካለ፣ እርሱን ይጠይቁ። መምህርት ነዎትና ጎንደር ውስጥ ያላስተማሩት መሥሪያ ቤት የሚኖር አይመስለኝም።

ማራኪ ግቢ ያሉት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎችም ከሥራ ሰዓት ውጭ ይህን ሥራ ይሠራሉ። እውቀታቸው ጥሩ ነው። ለማስረዳትም አይሰለቹም። አንድ ችግር ብቻ አለባቸው። ሐምሌ ላይ ፈተናና ውጤት ይዞ ያጨናንቃቸዋል። የእርስዎ ግብር ማሳወቂያ ደግሞ ሐምሌ ነው። አስተማሪ ከመረጡ «ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን ለእኔ አለህ ወይ?» ብለው አስቀድመው ቃል ያስገቡት።

ተከራይዎን ሒሳብ ሠራተኛዎ አያድርጉት። ሱቁን የተከራየው ልጅ አካውንቲንግ ቢማርም እንኳ። የኪራይ ጭማሪ ያነሱ ቀን ምስጢርዎ ሁሉ በእጁ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ ሁለት ነገር ይለዩ። የሒሳብ ሥራን እንደ ሙያ ለሕዝብ የሚሰጡ ባለሙያዎችንና ኦዲተሮችን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። መሠረቱ የ2006ቱ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ነው። በሌላ በኩል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የታክስ ወኪል የሚባል ፈቃድ ያወጣል። ወኪል ማለት በግብር ከፋዩ ስም ገቢዎች ፊት የሚቆም ሰው ነው። አማካሪ ቢሮ ከገቡ ፈቃዱንና የንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ይፈልጉ። ዘንድሮ የታደሰ መሆኑንም ይዩ። እንደ እርስዎ ላለ ቤት የግድ ትልቅ ኦዲተር አያስፈልግም። ግን ስለ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ጋር አይቀመጡ።

አሁን ወደ ፈተናው። ሰውየውን ሲያገኙ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ምንም አይፈርሙ። ቡና ያፍሉለት። ከዚያ የእኔን ቁጥር ይስጡት። «በወር 31,000 ብር ኪራይ አለኝ፣ መዝገብ አልይዝም። በ2008ቱ አዋጅ 47,100 ብር ይመጣ ነበር ተብያለሁ። ዛሬ በሚሠራው ሕግ ስንት ይሆናል? እዚሁ በወረቀት አሳየኝ» ይበሉት። ከዚያ ዝም ብለው ይመልከቱት።

ጥሩው ሰው ወዲያው ቁጥር አይጽፍም። መጀመሪያ ይጠይቅዎታል። ሱቆቹና ክፍሎቹ በአንድ ካርታ ላይ ናቸው? ካርታው በማን ስም ነው? ከተከራዮቹ ውስጥ ድርጅት አለ? ባዶ የቆየ ክፍል ነበር? ለጥምቀት ጊዜ ለእንግዳ በቀን ሒሳብ ያከራዩት ክፍል አለ? የመጨረሻዋ ጥያቄ እኛ ጎንደር ላይ የግድ ናት። ለጥር 11 ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ብዙ ሰው ክፍሉን በቀን ያከራያል። በዓመት አንድ ሁለት ቀን ይሁን እንጂ ገንዘቡ ገቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ በእንግዳ ማረፊያ መልክ የሚሠራ ቤት ደግሞ ጭራሽ ወደ ንግድ ሥራ ይሄዳል፣ ሠንጠረዡም ይቀየራል።

ሁለተኛ ፈተና አለችኝ፣ ጠንከር ትላለች። «ተከራዩ ሱቁን በራሱ ወጪ አድሶ ኪራይም እየከፈለ ነው። እድሳቱ እኔን ይነካኛል?» ብለው ይጠይቁት። በውሉ መሠረት ተከራዩ ከኪራዩ በተጨማሪ ያወጣው የእድሳት ወጪ በአዋጁ የአከራዩ ገቢ ተደርጎ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። «እሱ ምን አገባዎት፣ የራሱ ወጪ ነው» ካለዎት ሕጉን አላነበበም ማለት ነው።

ሦስተኛዋ ቀላል ናት። «ከደመወዝ ላይ ግብር የማይነካው ስንት ድረስ ነው?» ይበሉት። እስከ 2017 ማሻሻያ ድረስ በወር 600 ብር ነበር። አሁን 2,000 ብር ነው። እርስዎን በቀጥታ አይመለከትም። ግን አሁንም 600 የሚል ሰው ከካቻምና ወዲህ ምንም አላነበበም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባልም አለ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ሱቅን አይመለከትም። ባለሙያዎ የእርስዎን አምስት ክፍልና ሁለት ሱቅ ለያይቶ ካስረዳዎት ጥሩ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ክፍያው። ብዙ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ደግሞ «ለምን ሥራ?» ብዬ እጀምራለሁ። ሥራውን ሦስት ቦታ ይክፈሉት። አንደኛው የኋላውን ማጥራት ነው፤ ባለቤትዎ የተዉትን ወረቀት ማየት፣ ያለፉት ዓመታት ግብር መከፈሉን ማረጋገጥ። ሁለተኛው የዘንድሮ ማሳወቂያ ነው፤ ማስላት፣ ቅጹን መሙላት፣ ማስገባት። ሦስተኛው ደግሞ ነገር ሲመጣ ነው፤ ደብዳቤ፣ የግምት ክርክር፣ አቤቱታ። ለእያንዳንዱ የተለየ ዋጋ ይጠይቁ። በአንድ ላይ «ይሄን ያህል ይክፈሉኝ» ያለ ሰው የትኛውን እንደሚሠራ፣ የትኛውን እንደማይሠራ አያውቁም። ደብዳቤ የመጣ ቀን «ያ እኮ በዋጋው ውስጥ የለም» ይላል።

ዋጋው ቁርጥ ይሁን። ከግብሩ ወይም ከቀነሰው ላይ በመቶኛ አይሁን። በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ገቢዎን አሳንሶ ለመጻፍ ይጎመጃል። የሚያጭበረብረው በእርስዎ ስም ነው፤ ቅጣቱም ለእርስዎ ነው። ከሦስት ሰው ዋጋ ይጠይቁ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት ሥራ ነግረው ይጠይቁ፣ አለበለዚያ ዋጋዎቹ አይነጻጸሩም። ከሁሉ የረከሰውን ወዲያው አይውሰዱ። እንዴት እንዳረከሰው ይጠይቁ። አንዳንዱ ባለፈው ዓመት የሞላውን ቅጽ ስም ቀይሮ ነው የሚያስገባው።

ዋጋው በዛ አልበዛ የሚለውን እንዲህ ይመዝኑት። ስሌቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተጻፈ ውልና የባንክ ወረቀት በቅደም ተከተል ከሰጡት ከዚያ በላይ አይፈጅበትም። ወረቀቱን በፌስታል ዘርግፈው ከሰጡት ግን ሁለት ቀን ይለይበታል፣ ያንንም ያስከፍልዎታል፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ ክፍያውን ለመቀነስ ትልቁ መንገድ ያለው በእርስዎ እጅ ነው። አንድ ደብተር ይግዙ። ቀን፣ የተከራይ ስም፣ የስንት ወር፣ ስንት ብር፣ በምን ተከፈለ ብለው ያስምሩ። ለኪራይ ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። ኪራዩ ሁሉ እዚያ ይግባ፣ በባንክም ሆነ በቴሌብር። ለአስቤዛና ለልጆች የሚላከው ገንዘብ ከዚያ ጋር አይቀላቀል። ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየባቸውን ወራት አይተናል። ስልክ ላይ ያለ መልእክት ብቻ አይመኑ። በየጥቂት ወሩ ከባንኩ የታተመ የሒሳብ መግለጫ ይውሰዱ። ቢያንስ አምስት ዓመት ያስቀምጡት።

ክፍል ባዶ ከቆየም በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ተከራዩ በወጣበት ወር። ባለፉት ዓመታት ሰው እየወጣ፣ ሰው እየተዛወረ ብዙ ቤት ባዶ ቆይቷል። ሐምሌ ላይ ሄዶ «ስድስት ወር ባዶ ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ገቢዎች ያቀረቡትን ካላመነ በአካባቢው ኪራይ መገመት ይችላል። በዚሁ ምክንያት በውል ላይ ኪራይ አሳንሶ መጻፍን አልመክርዎትም። ጎረቤት ሁሉ ያደርገዋል ይሉዎታል። ተከራዩ የተጣላዎት ቀን ያ ውል በፍርድ ቤት የሚመሰክረው በእርስዎ ላይ ነው፤ እውነተኛውን ኪራይ ልጠይቅ ቢሉ የሚያምንዎት አያገኙም።

ለባለሙያው የሚከፍሉትን ለሁለት ይክፈሉት። ግማሹን ሥራ ሲጀምር፣ ግማሹን ማሳወቂያው ገቢ የሆነበትን ማረጋገጫ ሲያመጣልዎት። እርሱም ደረሰኝ ይስጥዎት። ደረሰኝ የማይሰጥ ሒሳብ ሠራተኛ ስለ ሌላው ሰው ደረሰኝ ምን ሊነግርዎት ይችላል?

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የግብሩን ገንዘብ በማንም እጅ አይስጡ። ለእኔም ቢሆን አይስጡኝ። ይህን የምለው ከደረሰብን ነገር ተነስቼ ነው። እናቴ ሦስት ክፍል ታከራይ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ በየዓመቱ ቤት እየመጣ ገንዘቡን በጥሬው ይወስዳል። ደረሰኝ ብሎ ፎቶ ኮፒ ያመጣላታል። እናቴ ማንበብ አትችልም። ፎቶ ኮፒውን በእጅ መሐረቧ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ የለባትም የሚል ወረቀት፣ ስትጠይቅ የከፈለችው በሙሉ ገቢ አልሆነም ተባለ። ጥቂቱን ከፍሎ ቀሪውን በልቶታል። ያልተከፈለው ከነቅጣቱና ከነወለዱ በእሷ ላይ ወረደ። የወርቅ ድሪዋን ሸጣ ከፈለች። ያቺን መሐረብ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ስለዚህ ማሳወቂያው ተሞልቶ የሚከፈለው ቁጥር ሲታወቅ፣ ራስዎ ወይም የሚያምኑት ልጅዎ ሄዳችሁ ክፈሉ። ዋናው ደረሰኝ፣ የእርስዎ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት፣ ቤትዎ ይግባ። ፎቶ ኮፒው ባለሙያው ጋር ይሁን። እናቴ ያደረገችው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ውክልናም እንዲሁ። መመላለሱ ካደከመዎት መወከል ይችላሉ። ግን ልዩ ውክልና ይሁን። ሥራው ተዘርዝሮ ይጻፍ፦ የግብር ማሳወቂያ ማስገባት፣ ደብዳቤ መቀበል፣ ገቢዎች ቀርቦ መልስ መስጠት። ገንዘብ መቀበል፣ ቤት ማከራየት፣ መሸጥ፣ መለወጥ የሚሉ ቃላት ከገቡበት አይፈርሙ። ቅጹ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ እነዚህ ቃላትም በልማድ ተጽፈውበት ይገኛሉ። መነጽርዎን አድርገው መስመር በመስመር ያንብቡት። የተማሪ ፈተና እንደሚያርሙት አድርገው።

ከመዘግየት ምን እንደሚመጣ ልንገርዎት፣ ላስፈራራዎት ሳይሆን እንዲያውቁት። በታክስ አስተዳደር አዋጁ ማሳወቂያ ያዘገየ ሰው በየወሩ ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ ይቀጣል፣ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ክፍያ ለብቻው ከዘገየ ደግሞ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመራል። ወለዱ ሌላ ነው። በሌላ በኩል ግምቱ በዛብኝ ካሉ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰዎት ጀምሮ ነው። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን በጀርባው ይጻፉበት። ብዙ ሰው ትክክለኛ ክርክር ይዞ ቀኑ አልፎበት ይቀራል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ይህን የምጽፍልዎት በመጋቢት ነው። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። እንደ እርስዎ መዝገብ የማይዝ አከራይ የሚያሳውቀውና የሚከፍለው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነው። ሐምሌ ላይ ባለሙያ መፈለግ አይጀምሩ። ያን ጊዜ ዝናቡና ጭቃው አለ፣ ሰልፉ አለ፣ ጥሩው ሰው ሁሉ ተይዟል። ዋጋውም ይጨምራል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ይሄ ነው። ከአሁን ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ሰው ያማርጡ። በእነዚህ ወራት ባለሙያው ራሱ ጊዜ አለው፣ ቁጭ ብሎ ያወራዎታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የሚቀድም ነገር አለ። ካርታውና የግብር ፋይሉ በማን ስም ነው? በባለቤትዎ ስም ከሆነ፣ ከባለሙያ በፊት የወራሽነት ጉዳይ ይጠናቀቅ። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ። ልጆች ካሉ ድርሻቸው ይታወቅ። ካልሆነ ግን በሟች ስም ግብር እየተጠየቀ፣ በእርስዎ ስም ኪራይ እየተቀበሉ ሁለት ፋይል ይፈጠራል። በኋላ ያንን ማቃናት ከግብሩ በላይ ያደክማል፣ ከባለሙያው ክፍያ በላይም ያስወጣል።

እና ሰኞ ጠዋት የባለቤትዎን ወረቀቶች ያውጡ። ካርታውን፣ የመጨረሻዎቹን የግብር ደረሰኞች፣ የሰባቱን ተከራዮች ውል ለየብቻ ያስቀምጡ። ውል የሌለው ተከራይ ካለ ስሙን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ደረሰኝ የጎደለበት ዓመት ካለ እርሱንም ይጻፉ። ከዚያ ክፍለ ከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የቆየ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ራስዎ ይጠይቁ። ለዚህ የሚከፈል የለም። ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው ነው ባለሙያ ፊት የሚቀመጡት። ያ «ሰው አለኝ» ያለው ሰው ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ስሌቱን በጽሑፍ አድርጎ፣ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ እንዲያመጣልዎት ብቻ ይጠይቁት።